የአጋንንቱ አማርኛ

ኸይሩ በሚጽፍበት ጠረጴዛ ላይ ተደፍቶ ነው ሞቶ የተገኘው፤ ቴፒ ውስጥ፣ በ1998 ክረምት። አጠገቡ የነበረውን የሻይ ትርፍራፊ ጉንዳን ወሮታል። ሻዩ ውስጥ የአይጥ መርዝ ተገኘ። ፖሊሶቹ ብዙ አልደከሙም፤ በዚያ ቤት ሻይ የምታፈላው ሚስቱ ዙሌይካ ናትና እሷን አሰሩ። በማግስቱ በነፍሰ ገዳይነት ተከሳ ወደ ሚዛን ፍርድ ቤት ልትላክ ነው።

ኢንስፔክተር እታገኝ ማንንም በቀላሉ አታምንም፣ ባልደረቦቿንም ጭምር። እስረኛዋን ልታነጋግር ገባች።

«ኸይሩ ስኳር ትቷል» አለች ዙሌይካ።

«ታሞ ነው?»

«ኧረ ለልቦለዱ ነው! በሚጽፈው ዓለም አስማት በነጻ የለም፤ አስማተኛው ከራሱ ይከፍላል። እሱም እውነት እንዲመስል ብሎ አዲስ አስማት በጻፈ ቁጥር የሚወደውን ነገር ይተዋል። ሙት ያስነሳ ዕለት ስኳር ተወ።»

ፖሊሶቹ ይህን ሲሰሙ በሳቅ ፈርሰው ነበር። እታገኝ አልሳቀችም። ቀጥታ ወደ አሚኑ ሱቅ ሄደች። አሚኑና ይስሐቅ ልቦለዱን ከኸይሩ ጋር የሚጽፉ ጓደኞቹ ናቸው።

«ኸይሩ በቅርቡ የተወው ነገር አለ?»

«ስኳር ነዋ! እኔ ፊት ማለ። ይስሐቅ ያኔ ጌጫ ሄዶ ነበር፤ የተመለሰው ኸይሩ በሞተበት ቀን ነው።»

ይስሐቅን እናቱ ቤት አገኘችው። እናቱ በየነች ለእንግዳዋ ቡና ቀዱላት። ጨው ነበረበት።

«ኸይሩ ሻይ እንዴት ነበር የሚወደው?» አለችው።

«ስኳር ያበዛል። ዙሌይካ ታውቅበታለች።»

«ኸይሩ ጎበዝ ልጅ ነበር» አሉ በየነች በሐዘን፣ በተሰባበረ አማርኛ። «ይሄ ቡና እኔ ላከ። እሱ የሞተ ቀን ይስሐቅ በፔርሙዝ ወሰደ።»

«እማዬ፣ ዝም በይ!» ብሎ ጮኸ ይስሐቅ።

ማምሻውን እታገኝ ሦስቱንም በኸይሩ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ዙሌይካ በካቴና ታስራ ቆማለች።

«ሻዩ ጣፋጭ ነበር፤ ባይሆን ጉንዳን አይወረውም» አለች እታገኝ። «ኸይሩ ጣፋጭ ሻይ አይጠጣም። ስለዚህ የገደለው መርዝ በሌላ ነገር ነው የገባለት፤ ሻዩ ዙሌይካን ለማስወንጀል ኋላ የተቀመጠ ነው። ዙሌይካ ወይም አሚኑ ቢሆኑ ስኳር ባልጨመሩበት ነበር። ስኳር መተዉን የማያውቀው አንተ ብቻ ነህ፣ ይስሐቅ። በጨው የተፈላውን የእናትህን ቡና ያመጣህለትም አንተ ነህ።»

ይስሐቅ አልካደም።

«በሱ ዓለም ነገሥታቱ የመጽሐፍ አማርኛ ይናገራሉ» አለ። «ሰው የሚበሉት አጋንንት ግን የእናቴን አማርኛ! ገበያ ለገበያ እኔን ልታሳድግ የተማረችውን! ለምን ስለው፣ እውነት እንዲመስል ነው ይለኛል። ባነበበ ቁጥር ትስቁ ነበር። እኔም አብሬ እስቅ ነበር!»

አሚኑ አቀረቀረ። የዙሌይካ ካቴና ተፈትቶ ይስሐቅ እጅ ላይ ገባ። እሷ የተላጠ አንጓዋን እያሸች ተጠጋችው።

«ነገ እናትህ እስር ቤት ስንቅ ይዛ ትመጣለች» አለችው ቀስ ብላ። «በር ላይ ቆማ በዚያው አማርኛዋ ትለምናቸዋለች። ጠባቂዎቹ ይስቁባታል። አንተም ውስጥ ሆነህ ትሰማለህ፤ ዕድሜህን ሙሉ።»