የ«ዘረዘረ» ምስር

ሽማግሌው የመዝገበ ቃላት አዘጋጅ ከደረጃው ሥር በግንባራቸው ተደፍተው ሞተው የተገኙት በጠዋት ነው። ከላይ እስከ ታች ምስር ፈስሷል። መርማሪዋ ጎንበስ ብላ ከኮታቸው ጀርባ ላይ አንዲት ፍሬ አነሳች።

ጸሐፊያቸው ግድግዳ ተደግፋ ቆማለች። ሟቹ አጎቷ ናቸው፤ ቤቱንም የተናዘዙት ለእሷ ነው። ጣት ማን ላይ እንደሚቀሰር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያሻም። ይህን ስለምታውቅ ፍርሃቱ አንደበቷን ዘግቶታል።

«ምስር ደረጃ ላይ ምን ይሠራል?» አለች መርማሪዋ።

የአዘጋጁ ረዳት ቀደመ። «ጋሼ ግሱን በእጃቸው ካልሠሩት ፍቺውን አይጽፉም። ‹ቆፈረ› ላይ ሲደርሱ የግቢውን አበባ ጨርሰውታል። አሁን ‹ዘረዘረ› ላይ ናቸው። ምስሩን እየበተኑ ይለቅሙ ነበር፤ እሱን ረግጠው ተንሸራተው ነው።»

«ሲሠሩ አብረህ ነበርክ?»

«ኧረ እኔስ ትናንት አሞኝ ከቤት አልወጣሁም። ዛሬም የደረስኩት ሬሳቸው ላይ ነው።»

ዘበኛው ጓሮ ሲጠርግ ስለነበር ማን እንደገባ አላየም። ወሬ ግን አያልቅበትም።

«ጋሼና ረዳታቸው በዚህ ግስ ወር ሙሉ ተናክሰዋል፣ እትዬ። እሱ ‹ዘር› ከሚለው መጣ ይላል፤ ጋሼ ከዘርዛራ ወንፊት ነው ይላሉ። እኔማ ከየትም ይምጣ፣ እንኳን ደህና መጣ ብያለሁ።»

መርማሪዋ ሦስቱንም ሥራ ክፍሉ ውስጥ ሰበሰበች።

«ምስር ረግጦ የወደቀ ሰው ምስሩ ከሥሩ ይገኛል እንጂ ጀርባው ላይ አይወጣም። ከወደቁ በኋላ የበተነው ሰው አለ።»

ጸሐፊዋ ዐይኗን ጨፈነች። አሁን ስሜን ትጠራለች ብላ ነው።

«ዘበኛ፣ የጋሼ ምስር የት ገባ?»

«በላሁት! ትናንት ‹ጨርሼዋለሁ፣ ውሰደው› አሉኝ፤ ቀቅዬ በላሁት። ወንጀል ነው እንዴ?»

«አይደለም። አንቺስ፣ ልጄ? አትፍሪ።»

«‹ዘረዘረ›ን... ትናንት ማታ ተይቤ ጨረስኩት። ዛሬ ‹ዘረጋ› ነበር። አንሶላ አምጪልኝ ብለውኝ ነበር። ብናገር ማን ያምነኛል ብዬ...»

«እኔ አምንሻለሁ። እናንተ ሁለታችሁ ብትሆኑ አንሶላ ታነጥፉ ነበር እንጂ ምስር አትበትኑም። ግሱ ማለቁን የማያውቀው ትናንት የቀረው ብቻ ነው።»

የረዳቱ ፊት አመድ መሰለ።

«ዶክትሬቴ በሙሉ የቆመው እዚያች ቃል ላይ ነው» አለ በመጨረሻ። «ዛሬ ማለዳ መጥቼ ምን ወሰኑ ብዬ ለመንኳቸው። ሳቁብኝ። ‹ሲታተም ታነበዋለህ› አሉኝ። በሰው ፊት መዋረዴ ታየኝና ገፋኋቸው። ምስሩን ከወጥ ቤት አፍሼ ነው የበተንኩት።»

ጸሐፊዋ ከጠረጴዛው ላይ ትናንት የተየበችውን ገጽ አነሳች። አሁን ድምፅዋ ወጣ።

«‹ዘረዘረ፦ የተከመረውን ነገር አንድ በአንድ ለይቶ ተናገረ፣ ጻፈ። ምንጩ «ዘር» ነው፤ ዘሪ የጨበጠውን ሲበትን እያንዳንዷ ፍሬ ለብቻዋ ታርፋለችና። ይህን ያገኘው ረዳቴ ነው፤ ተሳስቼ የነበርኩት እኔ ነኝ።›»

ረዳቱ ገጹን ለመቀበል እጁን ዘረጋ። መርማሪዋ ካቴናውን አጠለቀችለት።