የስመኝ ላፕቶፕ

የሞተ ሰው ድምፅ ተሰማ ሲባል ከሚስቁት ወገን ነበርኩ፣ ሥራዬ ራሱ እንደዚያ አድርጎኛል፣ «ሰይጣን ገባበት» ተብሎ የመጣለትን ኮምፒውተር እየፈታ ወይ አቧራ ወይ ቫይረስ ሲያገኝ የኖረ ሰው በምን ያምናል? አሁንም አምናለሁ አልላችሁም፣ የሆነውን ግን እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

እንጅባራ መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ጠባብ የጥገና ሱቅ ነበረችኝ። ነሐሴ ነው፣ ጉሙ ከቀትር በኋላ እንኳ አስፋልቱ ላይ ተኝቶ ባጃጁ በመብራቱ ብቻ የሚለይበት ጊዜ፣ አንድ ጋቢ የደረቡ ሽማግሌ በፌስታል የተጠቀለለ ላፕቶፕ ደረታቸው ላይ አቅፈው ገቡ። አቶ ፈንታ ይባላሉ፣ ከአዲስ ቅዳም ወዲያ ካለ ገጠር የመጡ ገበሬ ናቸው።

«ልጄ፣ ይቺ የስመኝ ናት» አሉኝ። «የበኩር ልጄ። እዚሁ ከተማ ቢሮ ትሠራ ነበር፣ አረፈችብኝ።»

«እግዚአብሔር ያጽናዎት አባቴ። ምን አግኝቷት ነው?»

«ሆዷን ሲያማት ያልፋል ብላ ዝም አለች። ለካ ትርፍ አንጀት ኖሯል፣ ሐኪም ቤት ስትደርስ ፈንድቷል አሉን።» ፌስታሉን መፍታት ጀመሩ። «መዝሙር እየዘመረች እዚህ ውስጥ ትቀዳ ነበር። ሙት ዓመቷ ሳይደርስ እናቷ ድምጿን ትስማ ብዬ ነው። ሌላ ጥገና ቤት ወስጃት ነበር፣ ቫይረስ ስለበላት ሁሉንም አጥፍተን እንደ አዲስ እንጫን አሉኝ፣ ይዣት ወጣሁ።»

ባትሪው አብጦ ስለነበር ነቅዬ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩትና በኤሌክትሪክ ብቻ አስነሳሁት። ያኔ በፍላሽ ከሰው ወደ ሰው የሚዛመት ቫይረስ ነበር፣ ፎልደሮቻችሁን ይደብቅና በምትካቸው ቀስት ያለበት ሾርትከት ያስቀምጣል፣ እሱን ስትጫኑ እየተባዛ ይሄዳል፣ ብዙ ሰው ፋይሌ ጠፋ ብሎ ፎርማት ያስደርጋል፣ እመኑኝ፣ አብዛኛውን ጊዜ ፋይሉ እዚያው ተደብቆ ነው ያለው። እናም አንቲቫይረስ ጭኜ ፈተሽኩ፣ የተገኘውን ሁሉ አጸዳሁ፣ የተደበቀውን ገለጥኩ፣ «መዝሙር» የሚል ፎልደር ብቅ አለ። ሽማግሌው ወንበራቸውን ስበው ተጠጉኝ።

የመጀመሪያውን ከፈትኩት፣ ዝም። ቀጣዩን፣ ዝም። ሁሉንም ሞከርኳቸው፣ ስማቸው አለ፣ ውስጣቸው ባዶ ነው።

«አባቴ፣ ስሙ ነው የቀረው፣ ድምፁ የለም» አልኳቸው፣ ይህን ማለት እንዴት እንደከበደኝ አትጠይቁኝ። ስክሪኑን ብቻ ያያሉ።

በዚህ መሀል መብራት ጠፋ። ስክሪኑ ጨለመ፣ የጎረቤቴ የብረት መቁረጫ ጩኸቱን አቆመ፣ ቆርቆሮው ላይ የሚወርደው ዝናብ ብቻ ቀረ። ከዚያ ከላፕቶፑ ውስጥ «ቀጭ፣ ቀጭ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ የሃርድ ዲስክ ድምፅ ነው፣ ዕድሜዬን ሙሉ የማውቀው። መብራት በሌለበት፣ ባትሪው ፊት ለፊቴ ተቀምጦ! ቀጥሎ ሰው ሊናገር ሲል የሚስበው ዓይነት ትንፋሽ መጣ፣ ከዚያ የሴት ድምፅ፣ ዝግ ያለ፣ በአገውኛ።

እኔ ያደግኩት ዳንግላ አማርኛ ብቻ በሚነገርበት ቤት ነው፣ አገውኛ ከሰላምታ አልፌ አልሰማም። ደጋግማ ስትጠራ የያዝኩት አንድ ስም ብቻ ነው፣ ብርቄ። አቶ ፈንታ አልደነገጡም፣ ጎንበስ ብለው በአገውኛ አጭር ነገር መለሱላት። እሳቸው ሲናገሩ ድምፁ ዝም ብሎ ጠበቃቸው፣ ሲጨርሱ መለሰላቸው። የተቀዳ ድምፅ ሰው እስኪጨርስ አይጠብቅም፣ እኔን የገደለኝ እሱ ነው። ገመዱን ከግድግዳው ነቀልኩት፣ ድምፁ አልተቋረጠም። መዳፌን ላፕቶፑ ላይ ሳሳርፍ እንደ ድንጋይ ቀዝቅዟል። ወዲያው ጸጥ አለ።

ሽማግሌው ተነሡ። «አሁን ወደ ዳንግላ መኪና አለ?»

«አለ... ምን አለችዎት?»

«አንተም ሰማህ?»

«ሰማሁ አባቴ።»

«ተመስገን» ብለው ላፕቶፑን እዚያው ትተው ዝናቡ ውስጥ ገቡ። እኔም ላፕቶፑን መደርደሪያ ላይ አስቀምጬ፣ ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤቴ ሄድኩ፣ ከዚያ ወዲያ አልነካሁትም።

መስከረም ካለፈ በኋላ አንዲት የከሳች ልጅ መጥታ «የአቶ ፈንታ ልጅ ነኝ፣ ብርቄ» አለችኝ። የስመኝ ታናሽ እህት ናት፣ ዳንግላ ልብስ ስፌት ቤት ትሠራለች። አባቷ ሱቄ የነበሩ ቀን ሆዷን አጣድፎ አሟት ተከራይታ ከምትኖርበት ክፍል መውጣት አቅቷት ተኝታ ነበር፣ ለማንም አልተናገረችም። አባቷ ከመናኸሪያ በጋሪ ደርሰው፣ በሩን አስከፍተው፣ ሐኪም ቤት ወሰዷት፣ ያው ትርፍ አንጀት ሆኖ ተገኘ፣ ሳይፈነዳ ደረሱላት።

«እናቴ ላፕቶፑን አምጪልኝ ስላለች ወደ ገጠር ልወስደው ነው» አለችኝ። «አባቴም ዳግመኛ ቫይረስ እንዳይገባበት አድርጉልኝ ብሏል።»

የግዴን አወረድኩት። አንቲቫይረሱን አደስኩ፣ የሰው ፍላሽ ሳትፈትሺ እንዳትሰኪ፣ ቀስት ያለበትን ፎልደር እንዳትከፍቺ አልኳት። ስታዳምጠኝ ቆየችና፣

«አንተ ሰምተሃታል አይደል? በአማርኛ ነው ያወራችው?» አለችኝ።

«ኧረ በአገውኛ ነው።»

ስትጠቀልል የነበረውን የላፕቶፑን ገመድ አስቀመጠችው። «አባቴም እንደዚያ ነው የሚለው። ስመኝ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ባሕር ዳር አክስቴ ዘንድ ነው ያደገችው። አገውኛ አትችልም ነበር። አባቴ ከሷ ጋር በአማርኛ ነው የኖረው።»

«ታዲያ ማናት ያናገረቻቸው?»

«እኔም ይህንኑ አባቴን ጠየቅሁት» አለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «‹እዚያ፣ ሰማይ ቤት ተምራ ነዋ› አለኝ።»