ባለሦስት ጠርዙ አገዳ

ሟቹ ረግረጉ ዳር ሰሌን ለብሶ ተጋድሟል። ሰሌኑን ከቄጠማ የሠሩት እናቱ ናቸው። መርማሪዋ ገልጣ አየችው፤ ማጅራቱ በጣት ጫና በልዟል። ሰው ውሃ ውስጥ ደፍቆታል። አጠገቡ የነበሩት ሚስቱና በቅርቡ ከከተማ የተመለሰው ታናሽ ወንድሙ ብቻ ናቸው።

«እንደ ልጅነታችን ዳክዬ ልንይዝ ገባን» አለ ታናሽየው። «ጠልቄ በዚህ አገዳ እየተነፈስኩ ብዙ ቆየሁ። ብቅ ስል እሷ ማጅራቱን ይዛዋለች።»

«ውሸታም! እኔ ስደርስ ሞቷል። ጎትቼ ያወጣሁት እኔ ነኝ!» አለች የሟቹ ሚስት።

«ካሰመጥሽው በኋላ ነዋ!»

መርማሪዋ አገዳውን ይዛ ወደ ቤት ገባችና እናትየዋ እጅ ላይ አኖረችው። አሮጊቷ እንደ ልማዳቸው በሁለት ጣት አሽከረከሩት። ጣታቸው ቆመ። ከዚያ አጠገባቸው ካለው የቄጠማ ነዶ ውስጥ ሸጎጡት።

«እማማ፣ እዚህ ሸንበቆ የለም?»

«ሟቹ ልጄ ለአጥር ብሎ ከነሥሩ ጨረሰው።»

«ምራትዎ ይህን ታደርጋለች?»

«የሰው ሆዱ አይታይም፣ ልጄ። ዓይኔ ከደከመ ወዲህ የምታበላኝ ግን እሷ ናት።»

ከቀትር በኋላ ሁሉም ተሰበሰቡ። መርማሪዋ አገዳውን ከነዶው መዝዛ ለታናሽየው ሰጠችው።

«ንፋበት።»

ጉንጩ ተነፋ፤ ዓይኑ ቀላ። ትንፋሽ አላለፈም። ተቀብላው በቢላዋ ቆረጠችው፤ ውስጡ ድፍን ነጭ ነው።

«በልጅነታችሁ የተነፈሳችሁበት ሸንበቆ ነው፤ ድቡልቡል፣ ውስጡ ክፍት። ይሄ ቄጠማ ነው። ሦስት ጠርዝ አለው፣ አንጓ የለውም፣ ውስጡም ሙሉ ነው። ሸንበቆው ማለቁን ስላላወቅክ ያገኘኸውን ቆርጠህ መጣህ። ስለዚህ ውሃ ሥር አልቆየህም። ካልቆየህ፣ ወንድምህ ሲሰምጥ እዚያው ነበርክ።»

ታናሽየው መሬት ላይ ተቀመጠ።

«ወንድሜ ‹ወደ መጣህበት ተመለስ› አለኝ። በአባቴ ደጅ ላይ።»

ምራትየዋ ግን እሱን አላየችም። ወደ አማቷ ዞረች።

«እማዬ፣ እርስዎ ቅድም ነክተውታል። ዕድሜ ልክዎን ቄጠማ ሲሠሩ የኖሩ ሰው!»

«ጣቴ አወቀ» አሉ አሮጊቷ። «አንዱ ሞቷል። የቀረኝን በገዛ እጄ ልስጥ?»

«እኔንስ?»

ታናሽየውን ሲወስዱት ምራትየዋ ነጠላ ጫማዋን አጠለቀችና ወጣች፤ በሩን እንኳ አልዘጋችም።

አሮጊቷ ነዶውን ዳብሰው አንድ አገዳ መዘዙና ሥራቸውን ቀጠሉ። ሲርባቸው ከልማድ ምራታቸውን «ልጄ» ብለው ተጣሩ። ጥቂት ጠብቀው ደገሙት።