ከአንድ ሰሃን

ፖሊሷ ወረቀቱን በፕላስቲኩ መከለያ ሥር አሾልካ ሰጠች። እስክሪብቶውን በሳኒታይዘር ጠርጋ አስከተለችና «እዚህ ጋ ትፈርም» አለች፣ በእንግሊዝኛ፣ ሙርሺዳን እያየች።

ሙርሺዳ ወረቀቱን ለእናቷ ከማሳለፏ በፊት አነበበችው። የቤት ኪራይ ውልም ሆነ የክሊኒክ ቀጠሮ መጀመሪያ በእሷ እጅ ነው የሚያልፈው። አስራ አምስት ዓመቷ ነው።

ከዘጠኝ ቀን በፊት፣ ረመዳን በገባ በሦስተኛው ቀን፣ በደቡብ አፍሪካዋ ካትሌሆንግ፣ ስፓዛ በሚሏት አንዲት የሰፈር ሱቅ ውስጥ አራት ሰዎች በጥይት ተገድለዋል። አንደኛው የእናቷ ታናሽ ወንድም ካሚል ነው። ሌላው የሱቁ ሸሪክ ተማም ነው። ሁለቱ ደግሞ ለማፍጠር የመጡ የሰፈር ነጋዴዎች ነበሩ።

ሙርሺዳ አላለቀሰችም። በማግስቱ ትምህርት ቤት ሄዳ ሂሳብ ተፈተነች፤ ከአርባ ሰላሳ አንድ አመጣች። ሰው ሲያናግራት ድምፁ ከግድግዳ ወዲያ የሚመጣ ይመስላታል። ጓደኛዋ ናሌዲ የዜና ሊንክ ልካላት ነበር፤ «የውጭ አገር ነጋዴዎች እርስ በርስ ተታኮሱ» ይላል። ከሥሩ ናሌዲ «ሃው፣ አጎትሽ ሽጉጥ ነበራቸው እንዴ?» ብላ ጽፋለች። ሙርሺዳ የአውራ ጣት ምልክት መልሳ ላከችላት። ለምን እሱን እንደላከች አታውቅም።

አሁን በእጇ ያለው ወረቀትም ያንኑ ነው የሚለው። ሟቾቹ በሱቁ የተነሳ ተጣልተው ነበር። ምስክሯ ሌላ ሰው መኖሩን አልሰማችም። ከታች የእናቷ ስም ተጽፏል፤ ሰአዳ።

«ምን ይላል?» አለች እናቷ።

«የምናውቀውን ነው» አሉ ከኋላ ጋሽ ከቢር። ወለሉ ላይ ርቀት ለመጠበቅ በቢጫ ቀለም የተሰመረውን መስቀልኛ ምልክት ሳይለቁ ወደ ሙርሺዳ ጎንበስ አሉ። ለሱቆቹ ዕቃ የሚያከፋፍሉት፣ ሰው ሲጣላ የሚያስታርቁት፣ ሰው ሲሞት ሬሳ ወደ አገር የሚልኩት እሳቸው ናቸው። ባለፈው ሳምንት እናቷ ቃሏን ስትሰጥ ያስተረጎሙትም እሳቸው ነበሩ። ሙርሺዳ ያን ቀን ፈተና ላይ ነበረች።

«ስሚኝ ልጄ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ይሄ ካልተፈረመ ጀናዛውን አይለቁልንም። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አፈር ያልቀመሰ ጀናዛ አይተሽ ታውቂያለሽ? አገር ቤት ያሉት በየሰዓቱ እየደወሉ ነው። ስም እና ቀን ነው በያትና ትፈርም።»

«ነገ ቢሮው ለጽዳት ይዘጋል» አለች ፖሊሷ። «ኮቪድ ገብቶብናል። ከዚያ በኋላ ሰኞ ነው።»

እናቷ እስክሪብቶውን ይዛለች። ሎክዳውን የተጀመረ ጊዜ ነው ሙርሺዳ ፊደል ታስተምራት የጀመረችው። ሰሞኑን በብስኩት ካርቶኖች ጀርባ ላይ ስትለማመድ የከረመችው ለዚህ ነው፤ በጣቷ ላለመፈረም። «ሲያዩኝ ያልተማረች ነች ብለው ወንድሜን እንዳይንቁት» ብላ ነበር።

ስም እና ቀን ነው ማለት ቀላል ነው። የሙርሺዳ አፍ በጾም ደርቋል። ቃሉን ምላሷ ላይ አመጣችው። ከዚያ ከላይኛው መስመር ጀምራ፣ አንድም ሳታስቀር፣ በአማርኛ አነበበችላት።

ሙርሺዳ አንብባ እስክትጨርስ እናቷ ጠበቀች።

«እኔ እንዲህ አላልኩም።»

«ተጣልተው ነበር ይላል፣ እማ።»

«ተጣልተው ነበር ወይ አለችኝ ፖሊሷ። ባለፈው ወር፣ በሻዕባን፣ ተጣልተው ነበራ። አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያማ ባይገባኝም እሷ ባወራች ቁጥር ነቀነቅኩ። ሰው ሲያናግርሽ እንደ ግንድ ተገትረሽ ታያለሽ እንዴ? ነውር አይደለም?» ወደ ኋላዋ ዞረች። «ጋሼ፣ ረመዳን ሳይገባ ያስታረቋቸው እርስዎ አይደሉም?»

ጋሽ ከቢር ማስካቸውን አስተካከሉ። «እሱን ማን ጠየቀኝ» አሉ።

«ምንድን ነው የምትለው?» አለች ፖሊሷ።

ሙርሺዳ የሰማችውን ሁሉ ነገረቻት። ከዚያ እናቷ በየቀኑ የምታወራትን፣ እሷ ግን እስከ ዛሬ በደንብ ሰምታት የማታውቀውን ነገር ቃል በቃል እየተቀበለች ተረጎመች። በማፍጠሪያ ሰዓት እናቷ ከካሚል ጋር ስልክ ላይ ነበረች። ቀን የላከችላቸውን ሳምቡሳ ከአንድ ሰሃን እየበሉ ነበር። ካሚል እየሳቀ «ተማም የኔንም ጨረሰው፣ ነገ ጨምሪበት» አላት።

«ከአንድ ሰሃን?» ብላ ጠየቀች ፖሊሷ።

«አዎ» አለች እናቷ። «የእኛ ሰው ከተጣላ ከአንድ ሰሃን አይበላም።»

«ሲሲ፣ እህቴ፣ እኔ አብረው በልተው የተታኮሱ ብዙ አይቻለሁ» አለች ፖሊሷ። ክፋት አልነበረበትም፤ የደከማት ሴት ናት። «ሌላስ?»

እናቷ ቀጠለች፣ ሙርሺዳም ተከተለች። ካሚል «ቆዪኝ፣ ደንበኛ መጣ» ብሎ ስልኩን ሳይዘጋ አስቀመጠው። ወደ መሸጫው ፍርግርግ ሄዶ በዙሉኛ «ሳውቦና» ብሎ ሰላምታ ሲሰጥ፣ ዳቦ ነው ወይ ብሎ ሲጠይቅ ይሰማል። ከዚያ የተኩሱ ድምፅ ለእናቷ መደርደሪያ የወደቀ መሰላት።

«ማን እንደተኮሰ አላውቅም» አለች እናቷ። «ያላየሁትን አልናገርም። ግን ሰው መጥቷል።»

ፖሊሷ እጇን ከኪቦርዱ ላይ አነሳች። «ይሄ መጀመሪያ ለምን አልተነገረኝም?»

ጋሽ ከቢር ወለሉ ላይ ያለውን ቢጫ ቀለም ያያሉ።

«እሺ» አለች ፖሊሷ። «ይሄ አዲስ ቃል ነው። በራሷ ቋንቋ ጻፉት፣ አስተርጓሚ እንፈልጋለን። ግን መዝገቡ ወደ ኋላ ይመለሳል። አስከሬኑን ሰኞ እንለቃለን ብዬ ቃል አልገባም። እሱንም ንገሪያት።»

ሙርሺዳ እሱንም ነገረቻት።

የካርቶኑ ልምምድ እናቷ ጣት ላይ ሰማያዊ ቀለም ትቷል፤ እሱን በአውራ ጣቷ ታሻሸዋለች። ጋሽ ከቢር ኪስ ውስጥ ስልክ ነዘረ። አውጥተው ቁጥሩን አዩት።

«አገር ቤት ነው» አሉ። «ምን ልበላቸው ሰአዳ?»

«ካሚል ይታገሰኛል በሏቸው» አለች። «ተበዳይ ሆኖ ነው የሞተው፤ በዳይ አድርጌ አልቀብረውም።»

ጋሽ ከቢር የሚነዝረውን ስልክ ይዘው ለማውራት ወደ በሩ ወጡ።

የተዘጋጀው ወረቀት ሳይፈረም በመከለያው ሥር ተመለሰ። ሙርሺዳ ባዶ ወረቀት ጠየቀች። ሁለት ሰጧት። እስክሪብቶውን ከእናቷ እጅ ስትቀበል የራሷን እጅ አየችው። ከዘጠኝ ቀን ወዲህ የገዛ እጇን ስታይ የመጀመሪያዋ ነው።

«እኔ ከታች እፈርማለሁ» አለች እናቷ። «ቦታ ተዪልኝ፣ ስሜን ስጽፍ ይሰፋብኛል።»

«እሺ። ከየት ልጀምር?»

እናቷ ወንበሩን ወደ እሷ አስጠጋች።

«ከሰሃኑ» አለቻት።