የሐሙስ ምሳ

ልጆቹ ቦርሳቸውን አዝለው የትምህርት ቤቱ በር ላይ ተከማቹ፤ በሩ ግን አልተከፈተም። ሌላ ቀን ቢሆን ዘበኛው አባ ጌታው «ቀስ በሉ፣ ቀስ» እያሉ አንድ በአንድ ያሳልፏቸው ነበር። ያን ሐሙስ ግን በዘብ ቤቷ ወንበር ላይ አንገታቸውን ደፍተው ተቀምጠዋል። የጥገና ሠራተኛው ሊዶር እንቅልፍ የጣላቸው መስሎት ትከሻቸውን ነካ አደረገ። ከዚያ በኋላ ልጆቹን በጓሮ በር አስወጧቸው።

ከአምቡላንሱ ጋር የመጣው ሐኪም ስኳራቸው ከልክ በላይ ወርዶ እንደሞቱ ተናገረ። ጠረጴዛው ላይ የምሳ ሳህን ባዶውን ተቀምጧል። የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ ስኳር የሚያወርደውን መድኃኒት፣ ኢንሱሊን፣ የወጋቻቸው የትምህርት ቤቱ ነርስ አስናቁ መሆኗን ሁሉም ያውቃል። በእስራኤሏ ከተማ በቂርያት ጋት ወሬ ከአውቶቡስ ይቀድማል፤ ሳይመሽ «ነርሷ ሽማግሌውን ገደለቻቸው» ተባለ።

መርማሪ ሊሞር አምባቸው ዓርብ ጠዋት መጣች። እዚሁ ከተማ ያደገች፣ ገና ወጣት ናት፤ ጥያቄ ከጠየቀች በኋላ ዝም ብላ መቀመጥ ታውቅበታለች። ብዙ ሰው ዝምታ ሲረዝምበት ያላሰበውን ይዘከዝካል። እሷም ኑሮዋ በዚህ ነው።

መጀመሪያ ዘብ ቤቷን አየች። ሹካው ከወረቀቱ ሳይወጣ ሳህኑ አጠገብ ተጋድሟል። የቆሻሻ ቅርጫቱ ውስጥ ከቀናት በፊት የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ብቻ አለ። ከሟቹ ኮት ኪስ የወጣውን የተቋጠረ መሐረብ ፈታ ተመለከተችና መልሳ ቋጠረችው።

«ውኃ የት ነው?» አለችው ሊዶርን።

«ከግቢው ማዶ። ግን ትናንት ከዚህ አልተነሡም። በሩን ጥለው የሚሄዱ ሰው አልነበሩም፤ ካሜራውንም አይቼዋለሁ።»

አስናቁን ያገኘቻት በነርስ ክፍሏ ውስጥ፣ የዓይን መመርመሪያው ሰሌዳ ሥር ነው። አስናቁ ዕድሜዋን የፈጀችው በኢንዱስትሪ ቀጠናው ማሽን ፊት ቆማ ነበር። ልጆቿ ጦር ሠራዊት ሲገቡ ደብተር ገዝታ ነርስነት ተማረች፤ እዚህ ከተቀጠረች ገና ዓመት አልሞላትም። የፋብሪካው ሴቶች ምሳ ሲደርስ አንዷ የሌላዋን የምሳ ዕቃ ሳትጠይቅ ትከፍት ነበር። እዚህ ግን በሯን የሚያንኳኳ ጉልበቱ የተላጠ ልጅ ብቻ ነው። ምሳዋን ብቻዋን ትበላለች፤ ይህንንም ለማንም አልተናገረችም።

«ምን ያህል ወጓቸው፣ እትዬ አስናቁ?»

«ሐኪማቸው ያዘዘውን፣ ልጄ። ዓይናቸው ደክሞ የመርፌው ቁጥር አልታይ አላቸው። ሠራተኛ ማከም ሥራዬ አይደለም፣ አውቃለሁ። ግን እንዴት ብዬ ልለፋቸው?»

«ከመውጋትዎ በፊትስ?»

«ስኳራቸውን ለካሁ፤ ደህና ነበር። ‹ምሳ በሉ?› አልኳቸው። ባዶውን ሳህን አሳዩኝ።»

ሊሞር በማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው።

«ፈቃዴን ቢነጥቁኝ ወደ ማሽኔ እመለሳለሁ» አለች አስናቁ። «የገደልኳቸው እኔ ከሆንኩ ግን እንዳትደብቂኝ።»

«ሐሙስ ሐሙስም ይወጓቸው ነበር?»

«ሐሙስ ሐሙስ ካርሜ ጋት ሰፈር ሌላ ትምህርት ቤት ነው የምሠራው። ትናንት ክትባት ስላለ መንሄለቷ ቀኔን ቀየረችው።»

መንሄለቷ፣ ርእሰ መምህርት ሂላ፣ ቀኑን መቀየሯን አልካደችም። «ከሰንበት በፊት ለአለቆቼ ማሳወቅ አለብኝ» አለች በዕብራይስጥ። «ያልተፈቀደላትን ሠርታለች። ሰው ሞቷል። ምን ልጻፍ?»

«እስከ ቀትር ምንም አይጻፉ» አለቻት ሊሞር።

ቀጥላ ያነጋገረቻት ሙሉሽን ነው። ሙሉሽ ግቢውን ታጸዳለች፣ ለልጆቹ ምሳ ታድላለች፣ ለአባ ጌታውም ሳህናቸውን ታደርሳለች።

«ትናንት ምሳው ምን ነበር፣ እትዬ ሙሉሽ?»

«የዶሮ እግር በሩዝ።»

«በሉ?»

«እንዴታ! አጥንቱ እስኪነጣ ሲግጡ በዓይኔ አይቻለሁ።»

ይህን ስትል ወለሉን ነበር የምታየው። ሊሞር «በሴደር፣ እሺ» ብላ ተነሣች።

ቀትር ላይ ሁሉንም በነርሷ ክፍል ሰበሰበቻቸው። ወንበር አልበቃም፤ ሙሉሽ በሩን ተደግፋ ቆመች። ሊሞር መሐረቡን ጠረጴዛው ላይ ፈታችው። ውስጡ ሰው ሠራሽ ጥርስ ነበር።

«ይህ ከአባ ጌታው ኪስ የወጣ ነው። ደረቅና ንጹሕ። ዘብ ቤቷ ውስጥ ውኃ የለም፤ እሳቸውም ከወንበራቸው አልተነሡም። በልተው ያወለቁት ከሆነ የት አጠቡት? ሹካውም ከወረቀቱ አልወጣም። ከሳህኑም ከቅርጫቱም አጥንት አጣሁ። ታዲያ በባዶ ድዳቸው የዶሮ እግር እንዴት ጋጡ፣ እትዬ ሙሉሽ?»

ሙሉሽ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

«ምግባቸው ተሰረቀ?» አለች ሂላ።

«አልተሰረቀም። አያቴ ሐሙስን ይጾማሉ፤ ጎንደርም እንዲሁ ነበሩ። አባ ጌታውም ሐሙስ የሚጾሙ ይመስለኛል። ጾመኛ ሳህን ሲመጣለት አይመልስም፤ ለተቸገረ ይሰጣል። እትዬ አስናቁ ሐሙስ እዚህ ስለማይኖሩ ጾሙ እስከ ትናንት አልጎዳቸውም። ትናንት ግን ቀኑ ተቀየረ፤ መርፌው ባዶ ሆድ ላይ ገባ። ይህን ሁሉ ማወቅ የሚችለው ምግቡን የተቀበለው ሰው ነው።»

ሊሞር ዝም ብላ ተቀመጠች።

«ለልጆቼ ነው የምወስደው» አለች ሙሉሽ በመጨረሻ። «ልጃቸው ከጎንደር እስክትመጣ የተሳሉት ጾም ነው። ለማንም እንዳልናገር አስምለውኛል። ትናንት ምግቡን ወደ ዕቃዬ ስገለብጥ አስናቁ ቦርሳዋን ይዛ ስትመጣ በመስኮት አየናት። ‹መጾምዎን ይንገሯት› አልኳቸው። ‹ተይ፣ ዛሬ አልፈልግም ካልኳት ትቀርብኛለች› አሉኝ። ‹ከእሷ በቀር ገብቶ የሚቀመጥ ሰው የለኝም። መርፌ እንደሁ እህል አይደለም፣ ጾም አይሽርም።› እኔም በጓሮ በኩል ወጣሁ።»

አስናቁ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፈነች። የፈራችው ለፈቃዷ ነበር፤ ይህን ግን አላሰበችውም። እሷ ብቸኝነት ሲያንገፈግፋት ነበር ወደዚያች ዘብ ቤት የምትሄደው። እሳቸውም ያችኑ ሰዓት ይጠብቁ ኖሯል።

«አንድ ቃል ነበር እኮ፣ ሙሉሽ።»

«ምግብ ስወስድ ካወቁ ያባርሩኛል ብዬ...»

«እሱን ይቅር ብዬሻለሁ። ከትናንት ጀምሮ ነፍሰ ገዳይ ሲሉኝ ቆመሽ መስማትሽን ግን እንዴት ብዬ ልርሳው?»

ሙሉሽ በሩ ሥር ተቀመጠች። ሊዶር ውኃ አመጣላት። ሂላ ለአለቆቿ የምትጽፈውን ትታ ለረጅም ጊዜ ጥርሱን አየችው፤ በዚያ በር ስንት ዓመት ስታልፍ ከሽማግሌው ጋር አንድ ቀን እንኳ ቁጭ ብላ አታውቅም። ሊሞር መሐረቡን ቋጥራ ለቤተሰብ እንዲላክ አዘዘች። አስናቁ ጥፋተኛ አለመሆኗን በሪፖርቷ እንደምትጽፍ ተናግራ ወጣች።

ክትባቱ ስላላለቀ አስናቁ በሚቀጥለውም ሐሙስ እዚሁ ዋለች። ዘብ ቤቷ ውስጥ ሻሎም የሚባሉ አዲስ ዘበኛ ተቀምጠዋል። አስናቁ ምሳዋን ከዓይን ሰሌዳው ሥር አንሥታ ግቢውን አቋርጣ ሄደች።

«ምሳ በሉ?»

«በልቻለሁ፣ ልጄ።»

ሳህን አለ የለም ብላ አላየችም። ወንበር ሳበች፣ ዕቃዋን ከፈተች፣ ዳቦውን ለሁለት ቆርሳ ግማሹን ዘረጋችላቸው። ሰውዬው ጥቂት አመነቱ። እጇን ሳትመልስ ጠበቀቻቸው።

ተቀብለው ጎረሱ። ሲያኝኩና ሲውጡ ካየች በኋላ እሷም መብላት ጀመረች።