ፊትና ኋላ የዞሩ ቀለበቶች

የሟቹ እጆች ንጹሕ ነበሩ።

መርማሪዋ ከጋራዡ ደጃፍ ቆማ ከሁሉ በፊት ያየችው ይህንን ነው። ሰውዬው ከቀይ ስኩተር አጠገብ፣ ዝቅ ባለ ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ ጀርባውን ለግድግዳው ሰጥቶ፣ አንገቱን ወደ ጎን ጣል አድርጓል። ፊቱ በሕይወት ካለ ሰው ይልቅ ቀልቷል። ለሚያየው ሰው ከፀሐይ ገብቶ ትንሽ ያሸለበ ይመስላል።

የሠፈሩ ሰው «ሚሊ» ይለው ነበር። ሃያ ዓመት ሙሉ ስኩተር ሲጠግን በዓይን ግምት የሠራው ነገር የለም፤ እያንዳንዱን ክፍተት በስስ ብረት ለክቶ «ይሄን ያህል ሚሊሜትር» ካላለ ሥራው አለቀ አይልም። ወጡ ጨው በዛበት ባለ ቁጥር ሚስቱ «በስንት ሚሊ?» እያለች ታሾፍበት ነበር አሉ።

«ነገሩ ግልጽ ነው፣ አለቃ» አለ ቀድሞ የደረሰው ፖሊስ። «ትናንት እሑድ ብቻውን ሊሠራ ገባ። ሞተሩን ገጥሞ አስነሳው፤ በሩ ዝግ ስለነበር ጭሱ ጣለው። ሐኪሙም ጭስ ነው ብሏል። ቁልፉ እንደተከፈተ ነው፣ ታንከሩ ደርቋል። ቤንዚኑ እስኪያልቅ ሲሠራ ቆይቶ ነው የጠፋው።»

መርማሪዋ ጎንበስ ብላ የሟቹን ጣቶች አንድ በአንድ አየች። ሞተር ሲገጥም የዋለ ሰው ጣት ላይ ዘይት መታጣቱ አልዋጥላት አለ። ሁለት ጥፍሮቹ ተሰብረዋል፤ በቀሩት ሥር ግራጫ የጨርቅ ብናኝ ተሰግስጓል። ቀና ብላ ቤቱን በዓይኗ ዞረችው። ግድግዳው ሲሚንቶ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ በሩ ቆርቆሮ። ግራጫ ጨርቅ የሚባል በቤቱ ውስጥ የለም።

የስኩተሩን ማስነሻ ፔዳል በእግሯ ጫን አደረገችው። ትንሽ ወረደና ውስጡ አንድ ነገር ቀጭ ብሎ ያዘው።

«አስከሬኑ ይነሳ» አለች። «ስኩተሩን ግን ማንም እንዳይነካው።»

ሚስቱ በሰው ተከባ ቤቷ ተቀምጣለች። አላለቀሰችም፤ የነጠላዋን ጫፍ እያጠፈች ትዘረጋለች።

«እህቴ ወልዳ ከልጄ ጋር ሁለት ቀን እሷ ዘንድ ነበርን» አለች። «ዛሬ ጠዋት ነው የደወሉልኝ። ወንድም ጋሼና ሸበቶ አብረው በሩን ሲከፍቱ እንደዚያ ሆኖ አገኙት።»

«ወንድም ጋሼ የሚሉት ማንን ነው?»

«ታላቅ ወንድሜን። ከጋራዡ ጎን ጄኔሬተር ይጠግናል። ሸበቶ ደግሞ የባሌ የሥራ ባልደረባ ነው። ቅዳሜ በኃይል ተጨቃጭቀው እንደነበር ወንድም ጋሼ ነገረኝ።»

«ባለቤትዎ የሚያሳስበው ነገር ነበረ?»

ሴትዮዋ ነጠላውን ለቀቀችው። «ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቶ ነበር። ምን ሆነሃል ስለው፣ ‹አንድ ሰው ጥፋቱን ራሱ ሄዶ እንዲናገር እስከ ሰኞ ጊዜ ሰጥቼዋለሁ፤ እምቢ ካለ እኔ እናገራለሁ› አለኝ። ማን እንደሆነ ግን አልነገረኝም። ‹ስታውቂው ታዝኛለሽ› ብቻ ነው ያለኝ።»

ሸበቶ አርባ ዓመት ሳይሞላው ጠጉሩ የነጣ፣ ቃል የሚቆጥብ ሰው ነው። መርማሪዋ ስታነጋግረው የፖሊስ መኪኖችን የሚጠግነው መካኒክ በአንድ በኩል የስኩተሩን ሞተር እየፈታ ነበር።

«መጨቃጨቃችን እውነት ነው» አለ ሸበቶ። «ትልቅ ጋራዥ ሊቀጥረኝ ነው፣ ልሂድ አልኩት። ‹እዚያ ያጣድፉሃል፤ ፒኗን ሳታይ ሲሊንደር የምታወርድበት ቀን ይመጣል› ብሎ ጮኸብኝ። እኔም ጮኽኩ። አሥራ አንድ ዓመት አብረን ስንሠራ እንደዚያ ተናግሬው አላውቅም።»

«‹ፒኗ› ያለው ምኑን ነው?»

ከመደርደሪያው አንድ አሮጌ ፒስተን አንሥቶ መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። «ይሄ ሞተር ባለ ሁለት ምት ነው፤ ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ነው የሚነደው። ፒስተኑን ሁለት ቀለበቶች ያቅፉታል። ሙሉ ክብ አይደሉም፤ አፋቸው ክፍት ነው፣ ይታይዎታል? ቀለበቱ በሚቀመጥበት ቦይ ውስጥ ደግሞ የሰሊጥ ፍሬ የምታህል ፒን አለች። የቀለበቱ አፍ የግድ እሷ ላይ ነው የሚውለው።»

«ለምን?»

«ሲሊንደሩ ግድግዳ ላይ ነዳጅና ጭስ የሚያልፍባቸው ቀዳዳዎች አሉ። ቀለበቱ ዞሮ አፉ ቀዳዳው ላይ ከመጣ ይጠለፍና ይሰበራል። ፒኗ እንዳይዞር ትይዘዋለች።»

«አፉን ሌላ ቦታ ያደረገ ሰው ቢኖርስ?»

«ቀለበቱ ፒኗ ላይ ይቀመጥና አልጨመቅም ይላል። ሲሊንደሩ አይወርድም። በግድ ያወረደው እንደሆነ ቀለበቱን ሰበረው ማለት ነው።»

በዚህ መሐል መካኒኩ ሲሊንደሩን ቀስ ብሎ አነሣው። ሸበቶ ወደ ፒስተኑ አየና ደሙ ከፊቱ ሸሸ። ሁለቱም ቀለበቶች ፒናቸው ላይ ተሰብረዋል። ከቦታቸው ግን አልተነቃነቁም፤ የላይኛው አፉ በትክክል ወደ ፊት፣ የታችኛው በትክክል ወደ ኋላ ዞሯል።

«ይሄን ሚሊ አልገጠመውም» አለ በሹክሹክታ። «እንኳን በጤናው፣ ዓይኑ ቢታሰር እንዲህ አይገጥመውም።»

የስኩተሩ ባለቤት አዋላጅ ነርስ ናት። በሥራ ልብሷ እንዳለች መጣች፤ የሰማችውን ገና ያላመነች ትመስላለች።

«ቅዳሜ አመሻሹ ላይ ሳየው ሞተሩ ጠረጴዛው ላይ ተበትኖ ነበር» አለች። «‹እሑድ አልሠራም፣ ሰኞ ነው የምገጥመው› አለኝ። የማዋልዳት አንዲት እርጉዝ ምጥ ቢይዛት በምን እደርሳለሁ ብዬ ለመንኩት፤ በጄ አላለም። ሌላ የሚያውሰኝ ስኩተር እንኳ አልነበረውም፤ የጨረሳቸውን ሁሉ አስረክቦ ነበር።»

«ሌላ ያወራችሁት ነገር አለ?»

«ባለፈው ወር ስለሞቱት አሮጊት ጠየቀኝ። ጎረቤቴ ነበሩ። በረንዳ ላይ ያለው ጄኔሬተራቸው ጭስ መኝታ ቤት ገብቶ በተኙበት ቀሩ። ልጆቻቸው ጄኔሬተሩን እንዲያይላቸው ለሚሊ ሰጥተውት ነበር። ‹የጭስ ማውጫው ብሎኖች አልጠበቁም› አለኝ። ‹መጨረሻ የነካው ማን እንደሆነ ታውቂያለሽ?› ሲለኝ አላውቅም አልኩት። እሱ ግን ያወቀ ይመስላል፤ ዓይኑን ከእኔ ላይ አሸሸ።»

የሚስቱ ወንድም ጄኔሬተር የሚጠግንበት ቤት ከጋራዡ ጋር አንድ የጓሮ ግቢ ይጋራል። ከአንዱ የኋላ በር እስከ ሌላው አሥራ አምስት እርምጃ አይሞላም፤ በመካከሉ ዕቃ የሚገፋበት ባለ ጎማ ጋሪ ቆሟል። ሰውዬው ትከሻው ሰፊ፣ ሣቁ ቅርብ የሆነ፣ ለቅሶ ላይ እንኳ እንግዳ ማስተናገድ የማይረሳ ነው። ወንበር በእጁ ጠርጎ አቀረበላት።

«ቁጭ በይ፣ እህት ዓለም። አማቼ ብቻ አልነበረም፣ ወንድሜ ነው የሞተብኝ። እሑድ ሥራ እንዳለው ነግሮኝ ነበር። ብቻህን በሩን ዘግተህ አትሥራ ብዬው ነበር፤ ምን ዋጋ አለው! አንቺ ግን ያን ሸበቶ በደንብ ጠይቂው። በሰው ክፉ መናገር አልወድም፣ ግን ቅዳሜ ዕለት ሊደባደቡ ነበር።»

«እርስዎ እሑድ የት ነበሩ?»

«ቤቴ። የት እሄዳለሁ?»

ከክፍሉ ጥግ አንድ ወፍራም በር አየች። «እዚያስ?»

«ጄኔሬተር የምፈትሽበት ነው። ጎረቤት በድምፁ ስለሚማረር እንዲህ አፈንኩት።»

በሩን ከፈተች። መስኮት የሌላት ጠባብ ክፍል ናት። ግድግዳዋም የበሩ ውስጠኛ ፊትም ከላይ እስከ ታች በወፍራም ግራጫ ጨርቅ ተለብጧል። ድምጿ እንኳ ከአፏ ሳይርቅ የሞተ መሰላት። የበሩ መቀርቀሪያ በውጭ በኩል ነው። ከውስጥ፣ በደረቷ ትክክል፣ የጨርቁ ቀለም ከሌላው ደመቅ ይላል፤ ስትነካው ማጣበቂያው ጣቷን ያዝ አደረገው።

«አይጥ ነው» አለ ሰውዬው ከኋላዋ፣ ሳትጠይቀው። «ቀደደውና ለጠፍኩበት።»

በጣም ተጠግቷት ቆሞ ነበር። መርማሪዋ ሳትቸኩል ዞር አለችና በጎኑ አልፋ ወጣች።

በማግስቱ ከቀትር በኋላ ሁሉንም ጋራዡ ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ሚስቱ ከወንድሟ ጎን ተቀመጠች፤ ክንዱን በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጎላታል። ሸበቶ ቆመ። አዋላጇ በሩ አጠገብ ከፖሊሱ ጋር ናት። ጠረጴዛው ላይ ፒስተኑ በነጭ ጨርቅ ላይ ተቀምጧል።

«ከዚህ ልጀምር» አለች መርማሪዋ። «ይህ ሞተር ከተገጠመ በኋላ አንድ ጊዜም አልሠራም። እሳት የሚጭረው የአዲሱ ካንዴላ ጫፍ አልጠቆረም፤ የፒስተኑ ራስ እንደ ተወለወለ ብረት ያበራል። ቀለበቶቹ ገና ሲሊንደሩ ሲወርድ ነው የተሰበሩት። ያልሠራ ሞተር አያጨስም። እንግዲህ ሚሊን የገደለው ጭስ ከሌላ ቦታ ነው የመጣው። ታንከሩንም ያደረቀው ሰው ነው።»

ፖሊሱ አንገቱን ደፋ።

«ታዲያ ማን ገጠመው? ሚሊ አይደለም፤ እጁ ላይ ዘይት የለም፣ ፒኗንም አይስትም። ሸበቶም አይስታትም። ሆን ብሎ አበላሽቶት ይሆን ብዬ አሰብኩ። ግን ሞቱን በዚህ ሞተር ሊያሳብብ የፈለገ ሰው፣ እንዲሠራ ነው እንጂ እንዲሰበር አይገጥመውም።»

«እንግዲያው ምንም የማያውቅ ሰው ነዋ» አለች አዋላጇ።

«የማያውቅ ሰው ቢሆን አፋቸው እንደ ዕድላቸው በሆነ አቅጣጫ ይውል ነበር። እዩት፤ አንዱ ልክ ወደ ፊት፣ አንዱ ልክ ወደ ኋላ። ይሄ ተጠንቅቆ የሠራ የባለሙያ እጅ ነው፤ የሚያውቀው ግን ሌላ ሞተር ነው። እንደ ጄኔሬተር ያለ ባለ አራት ምት ሞተር የቀለበት ቦይ ፒን የለውም። እዚያ ጋዙ እንዳያመልጥ የቀለበቶቹን አፍ አራርቀው በተለያየ አቅጣጫ ያዞሯቸዋል። ይህ ሰው ተጣድፎ እጁ የለመደውን ሠራ። አልወርድ ሲለው በጉልበት አወረደው፤ እንዲሠራ ሳይሆን የተገጠመ እንዲመስል ብቻ ነበር የፈለገው። በዚህ ግቢ ባለ አራት ምት ሞተር ሲፈታና ሲገጥም የሚውለው ማን ነው?»

ሚስቱ ቀስ ብላ ፊቷን ወደ ወንድሟ አዞረች።

ሰውዬው ሣቀ። «ለአንዲት ቀለበት ብለሽ ነው እንዴ ሰው የምትወነጅዪው?»

«ለቀለበቷ ብቻ አይደለም። ትናንት ማታ በፍርድ ቤት ፈቃድ የለጠፉትን ጨርቅ አነሣነው። ከሥሩ የበሩ እንጨት ተቧጭሯል። በሰው ደረት ልክ ቆሞ የሚቧጭር አይጥ አላውቅም። ከስንጥቁ መካከልም የጥፍር ቁራጭ አገኘን። ከሚሊ ከተሰበረው ጥፍር ጋር ገጥሟል። ከሞተ በኋላ በጓሮው ጋሪ ገፍተው ነው እዚህ ያስቀመጡት።»

ሣቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደረቀ። ክንዱ ከእኅቱ ትከሻ ላይ ወረደ። ዓይኑን ፒስተኑ ላይ ተከለ።

«አሮጊቷን ልገድል ብዬ አይደለም» አለ። «ብሎኖቹን ሳላጠብቅ ስልክ ተደወለልኝ፤ ሳወራ ረሳሁ። በቃ ረሳሁ! እሱ ደግሞ ‹ሂድና ለልጆቻቸው ንገራቸው፣ ለፖሊስ ንገር፣ አብሬህ እሄዳለሁ› ይላል። ስሜ ምን ሊሆን ነው? ማን ነው ከዚያ ወዲያ ቤቱን አምኖ የሚሰጠኝ? እሑድ ‹እሺ፣ ከመሄዳችን በፊት ጄኔሬተሩን ና አብረን እንየው› አልኩት። ደስ ብሎት መጣ። ክፍሉ ውስጥ እንዳስነሳነው መፍቻ ላምጣ ብዬ ወጣሁ።»

ሸበቶ ወደ ፊት ሲራመድ ፖሊሱ ደረቱን ይዞ አስቆመው።

ሚስቱ አልጮኸችም። «ወንድም ጋሼ» አለች፣ ሁልጊዜ እንደምትጠራው። «በሩን ሲደበድብ ሰምተኸዋል?»

ሰውዬው ከንፈሩን አራሰ።

«ሬዲዮ ከፍቼ ነበር» አለ።

በካቴና ይዘውት ሲወጡ ቀና ብሎ ማንንም አላየም። አዋላጇ ውሃ ይዛ ብትመጣ ሚስቱ አልተቀበለቻትም። ድንገት ብድግ አለች።

«ልጄ ከትናንት ጀምሮ እሱ ቤት ናት» አለች። «ለቅሶውን እንዳታይ ብሎ በእጁ ይዟት ሄደ።»

መርማሪዋ አብራት ወጣች። ወደ ወንድሟ መኖሪያ ቤት ሄዱ። በሩን የከፈተችው ልጅቷ ራሷ ናት፤ ጠጉሯ አዲስ ተሠርቷል፣ የአንድ እግሯ ጫማ ማሠሪያ ተፈትቷል። ከእናቷ ትከሻ በላይ ወደ መንገዱ ተመለከተች።

«አጎቴስ? አብሯችሁ አልመጣም?»

እናቷ ተንበርክካ ማሠሪያውን ያዘች። ጣቶቿ እምቢ ብለዋት ሁለት ጊዜ ፈታችው።

«አልመጣም» አለች በሦስተኛው አጥብቃ ስታሥረው። «ከእንግዲህም አይመጣም።»