ከጭብጨባው በኋላ የተከፈተው በር

አስከሬኑን መጀመሪያ ያየችው የጽዳት ሠራተኛዋ ናት። የማሽን ክፍሉ በር ማንም ሳይነካው ይከፈታል፣ ይዘጋል፤ ደግሞ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ሰይጣን የገባበት መስሏት ፈራ ተባ እያለች ብትጠጋ፣ ሽማግሌው መሐንዲስ ግድግዳውን ተደግፈው ሞተዋል።

ይህን ስትናገር የሟቹ የእህት ልጅ ክው አለ። ሌላው ግራ ሲጋባ ለእሱ ወዲያው ገብቶታል። በሩን የነደፈው እሱ ነዋ!

ድርጅቱ የአውቶቡስ ትኬት በድረ ገጽ ይሸጣል። መቶ ሰው ቢመጣ መቶውን፣ ሚሊዮን ቢመጣ ሚሊዮኑን እንዲችል አድርጎ ድረ ገጹን ያዋቀረው ይኸው ወጣት ነው። የጠየቀ ሰው ወረፋ ይይዛል እንጂ ባዶ እጁን አይመለስም፤ ትልቁ ኩራቱ ይህ ነበር። ኩራቱ አላስቀምጥ ብሎት የቢሮውን በሮች ሳይቀር በዚያው መስመር አሳለፋቸው። ከውስጥ ቁልፉን የተጫነም ሆነ ከውጭ ካርድ ያስነካ ሰው ጥያቄው እንደ ትኬት ገዢ ተራውን ይጠብቃል። በደህናው ቀን ይህ ከዓይን ጥቅሻ አይበልጥም። በዚያ ቀን ግን ገንዘባቸውን ሊያፈሱ የመጡ እንግዶች አዳራሹን ሞልተው፣ በኮምፒዩተር የተፈጠሩ የሐሰት ደንበኞች ድረ ገጹ ላይ በገፍ ተለቀው አቅሙ እየታየ ነበር። ሲስተሙ ንቅንቅ አላለም፤ ተጨበጨበለት።

አጎቱ አስቀድመው ነግረውታል። የማንንም ንድፍ ሲያዩ «መውጫው በየት ነው?» ማለት ልማዳቸው ነበር። ለበሩ የራሱን መስመር ስጠው ቢሉት፣ ባልደረቦቹ ፊት «ጋሼ መውጫ» የሚል ስም አወጣላቸውና ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ያሳደጉትን ሰው! ሽማግሌውም አብረው ሳቁ እንጂ አልተቆጡም፤ ይህ ነው አሁን አንጀቱን የሚበላው።

አክስቱ፣ የሟቹ ሚስት፣ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው። ባሌ ተሰቃይቶ ነው ወይስ ሳያውቀው? ሥራ አስኪያጇ እጃቸውን ይዛ የባላቸው ልብ ድንገት እንደቆመ፣ ምንም እንዳልተሰማቸው ነገረቻቸው። ልጁ እውነቱን እያወቀ ጎንበስ ብሎ ዝም አለ። መሬት ተከፍታ ብትውጠው በወደደ።

መርማሪዋ አጭር ሴት ናት፤ ስትጠይቅ ጨው እንደምትበደር ጎረቤት ነው። ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየች። የሟቹ ኮት ታጥፎ መቀመጫ ሆኗል። አንዱ ጫማ ወልቋል፤ በበሩ የውስጥ ገጽ ላይ የተረከዝ ምልክት ተደራርቧል። የልብ መድኃኒታቸው ውጭ፣ ጠረጴዛቸው ላይ ነው። ቁልፉን ስትጫነው በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ።

ነዳፊውን በሩ እንዴት እንደሚሠራ ጠየቀችው። ሲጫኑት ይከፈታል አላት። እውነት ነው፤ ግማሹ። ቀና ብሎ ሊያያት አልቻለም።

ዘበኛው ወንበር ሲያቀርቡላት በግራ እጃቸው ነበር። ቀኝ ትከሻዎን ምን ነካው ብትላቸው ደረጃ አዳልጦኝ ነው አሉ።

ሥራ አስኪያጇ ደግሞ ከእንግዶቹ ጋር ስለነበረች ምንም እንደማታውቅ፣ የሰማችው ሬሳው ከተገኘ በኋላ እንደሆነ ነገረቻት። ከዚያ ከልቧ ተነፈሰችና «ሰው ሲያረጅ ችኩል ይሆናል። ትንሽ ቢታገሱ በሩ ራሱ ይከፈትላቸው ነበር» አለች። አፍ ሲያመልጥና ራስ ሲመለጥ አይታወቅም። መርማሪዋ አንገቷን ነቅንቃ ውሃ ለመነቻት።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም ማሽን ክፍሉ በር ላይ ሰበሰበቻቸው። አክስትየው ብቻ ወንበር ተሰጣቸው።

«ልቡ ድንገት የቆመ ሰው ጫማውን አውልቆ በር አይደበድብም» ብላ ጀመረች። «ደክሞትም ኮቱን አጥፎ አይቀመጥም። ስለዚህ ሰውየው ተዘግቶባቸው ነበር። ግን ሲገኙ በሩ ይከፈት ነበር። እኔም ለማንም ተዘግቶ ነበር አላልኩም።» ወደ ሥራ አስኪያጇ ዞረች። «እርስዎ ግን ቢታገሱ ይከፈት ነበር አሉኝ። ከአዳራሽ ሳይወጡ ማን ነገረዎት?»

ሴትየዋ ዘበኛውን በጎን አየቻቸው።

«ይህ ልጅ መድረክ ላይ፣ በሁሉም ዓይን ሥር ነበር። የቀሩት ዘበኛው ናቸው። ጋሼ፣ ደረጃ ያዳለጠው ሰው መዳፉና ጉልበቱ ይላጣል። የእርስዎ ደህና ነው። ትከሻ የሚጎዳው በር ሲገፉ ነው። እስኪጎዱ የገፉ ሰው ደግሞ በቃ ብለው አይተዉም፤ ተዉ ካልተባሉ በቀር።»

ሽማግሌው ዘበኛ ፊታቸውን በኮፍያቸው ሸፈኑ። ድብደባውን ሰምተው፣ ካርዱም ትከሻቸውም እምቢ ሲል አዳራሽ ድረስ ሮጠዋል። «ይከፈታል፣ ተመለስ አሉኝ። አለቃዬ ናቸው፤ ተመለስኩ። በዚህ ዕድሜዬ!»

«ትርኢቱን ሊያበላሹብኝ መስሎኝ ነው» አለች ሥራ አስኪያጇ። መሐንዲሱ ፈተናውን እንደተቃወሙ ታውቅ ነበር። አንድ ቃል ብትል ይቆም ነበር፤ እንግዶቹ ፊት ያቺን ቃል ማለት አፈረች።

መርማሪዋ ለልጁ ምንም አላለችውም። ሕግ የሚፈልገውን አግኝታለች። ዝም ብሎ ከአክስቱ ጋር ቤቱ መግባት ይችል ነበር፤ ስሙም ክብሩም እንዳለ። ግን በሩን አየው፣ እሳቸውን አያቸው።

«እማ፣ በሩን ወረፋ ያስያዝኩት እኔ ነኝ» አላቸው አክስቱን። «ጋሼ ነግሮኝ ነበር። ሳቅኩበት። ሲስተሙ የተጠየቀውን አይረሳም። የሐሰቶቹ ደንበኞች ሲያልቁ የእሱ ተራ ደረሰ። በሩ ሲከፈት ሲዘጋ የነበረው... ቁልፉን በተጫነ ቁጥር ነው። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ጊዜ።»

አክስቱ ልጁን ትተው ወደ ጽዳት ሠራተኛዋ ዞሩ።

«ብዙ ጊዜ ተከፈተ?»

ልጅቷ ነጠላ ጫማዋን እያየች «ሰው ጠርቼ ስመለስም አላቆመም ነበር» አለች።

አክስትየው ተነሡ። እንደ ወትሮው ክንዱን ሊያቀርብላቸው እጁን ዘረጋ፤ እሳቸው ግድግዳውን ይዘው ሄዱ።